ፓዱ ሞላ ሲላችሁ፦ ሪሴት፣ እጥበት፣ ቱቦ ወይስ አዲስ ቦክስ?

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሥር ትንሽ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለችኝ። አንድ ሰኔ ላይ፣ የትምህርት ቤቶች ፈተና ተደራርቦ በሚመጣበት ሳምንት፣ ኢፕሰን ኤል 3110 ማተሚያ ማሽኔ (ፕሪንተሬ) ሁለቱን ቀይ መብራቶች ተራ በተራ እያበራ ቀጥ አለ። ኮምፒውተሩ ላይ የወጣው መልእክት የቀለም ፓዱ የአገልግሎት ዘመን አብቅቷል ይላል። በዚያ ቀን ብቻ ከአራት ሰው አራት ዓይነት ምክር ሰማሁ። አንዱ «ሪሴት አድርገው፣ ሌላ ምንም የለውም» አለኝ። ሁለተኛው «ስፖንጁን አውጥተህ እጠበው»፣ ሦስተኛው «ቱቦውን ወደ ውጭ አውጥተህ ሃይላንድ ውስጥ ክተተው» አሉ። አራተኛው ማሽኑን ሸጬ ሌላ እንድገዛ መከረኝ፤ እሱ እንኳን ማሽን ነጋዴ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁሉንም አይቻለሁ፤ ገሚሱን በራሴ ማሽን፣ ገሚሱን በጎረቤት። ከመሀል ከተማ ራቅ ብላችሁ አያት፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ ወይም ለገጣፎ የምትሠሩ ከሆነ ምርጫው መሀል ፒያሳ ላለ ሰው ከሚሆነው ይለያል። ጥገና ቤቱ ሩቅ ነው፣ ውሃው በፈረቃ ነው፣ መብራቱም የታወቀ ነው።

የሚሞላው ምንድን ነው?

ኢንክጄት ማሽን፣ ማለትም ፈሳሽ ቀለም የሚረጭ ማተሚያ፣ የሄዱን (ቀለም የሚረጨውን ክፍል) ቀዳዳዎች ክፍት ለማድረግ ቀለም ይጥላል። ሄድ ክሊኒንግ (የሄድ ማጽጃውን) ባዘዛችሁ ቁጥር፣ አንዳንዴም ሲነሣ በራሱ ጊዜ፣ ከሥር ያለችው ፓምፕ ቀለሙን ከሄዱ ስባ በቀጭን ቱቦ ትገፋዋለች። ቱቦው የሚያበቃው ወፍራም ብርድ ልብስ የመሰለ መጣጭ ላይ ነው። ፓድ የሚባለው እሱ ነው፤ እኛ ሰፈር ስፖንጅ እንለዋለን። ጠርዝ የሌለው ፎቶ ስታትሙ ደግሞ ከወረቀቱ አልፎ የሚረጨው ቀለም ከወረቀቱ መሄጃ ሥር ያለ ሌላ ፓድ ላይ ያርፋል።

እነዚህ ማሽኖች ፓዱ ይርጠብ ይድረቅ የሚያዩበት ዓይን የላቸውም። የጣሉትን ቀለም በግምት እየደመሩ ይቆጥራሉ፤ ቁጥሩ 100 በመቶ ሲሞላ ያቆማሉ። ስለዚህ በእጃችሁ ያሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ቆጣሪውና ፓዱ። ሪሴት ቆጣሪውን ይመልሳል፣ እጥበት ፓዱን። የሰፈራችን ክርክር ግማሹ ሁለቱን አንድ አድርጎ ከማየት የሚመጣ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ የእናንተ የትኛው ነው?

ፓዱ ከማሽኑ ጋር የተሠራ ነው ወይስ ነቅላችሁ የምትቀይሩት ቦክስ ነው? ኢፕሰን ኤል 3110፣ ኤል 3150፣ ኤል 3210 እና ኤል 3250 የፓድ ማሽኖች ናቸው፤ ፓዱ ግን ከጀርባ በአንዲት ብሎን በተያዘች መክደኛ በኩል ይወጣል። ኤል 6170 እና ኤል 6190 ባለ ቦክስ ናቸው፤ የሚወስዱት ቲ04ዲ1 የተባለውን ሜንቴናንስ ቦክስ ነው። ካኖን ላይ ጂ2010 እና ጂ3010 ፓዳቸው ሆዳቸው ውስጥ ነው፤ ጂ2020 እና ጂ3020 ግን ኤምሲ-ጂ02 የሚባል ተነቃይ ካርትሪጅ አላቸው። አዲስ ማሽን ልትገዙ ከሆነ ሻጩን ስለ ማተሚያ ፍጥነቱ ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ጠይቁት። የአንድ አኃዝ ልዩነት ብቻ ያላቸው ሁለት ካኖኖች በዚህ ጉዳይ ሰማይና ምድር ናቸው።

የካኖኑ ምልክትም ይለያል። ጂ2010 መጀመሪያ ኢ08 እያለ ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያውን ዝም ካላችሁት ፒ07 ብሎ ይቆማል፣ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ 5ቢ00 ይላል። ኢ08 ላይ ሳላችሁ ጊዜ አላችሁ።

በምን እንመዝን?

እኔ የምመዝነው በአምስት ነገር ነው፦ ሥራ ስንት ቀን ይቆማል፣ ጠቅላላ ወጪው (ትራንስፖርቱንና የተዘጋበትን ቀን ጨምሮ) ስንት ነው፣ የመፍሰስ ስጋቱ ምን ያህል ነው፣ እስከ መቼ ያቆያል፣ ማሽኑ ዋስትና ላይ ነው ወይስ አይደለም። ዋስትናው ካላለቀ ብሎን አትንኩ፤ ወደ ገዛችሁበት መልሱት።

የብር ዋጋ አልጻፍኩም። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ ዛሬ የምጽፈው ነገ ያሳስታችኋል። እኔ ዋጋ ሲነገረኝ በኮፒ አካፍለዋለሁ፦ ይህን ለመመለስ ስንት ገጽ ማተም አለብኝ? ቀኑን ሙሉ አትማችሁም የማትደርሱበት ከሆነ አትግዙት።

ሪሴት ብቻ

ፈጣኑና ርካሹ ይኼ ነው። ኢፕሰን ላይ ቴክኒሻኖቹ አጀስትመንት ፕሮግራም የሚሉትን በዊንዶውስ ኮምፒውተር ከፍታችሁ፣ ማሽኑን በዩኤስቢ አገናኝታችሁ፣ የፓድ ቆጣሪውን አንብባችሁ ወደ ዜሮ ትመልሳላችሁ፤ ከዚያ አጥፍቶ ማብራት ነው። ሻይ እስኪቀርብ ያልቃል። ለአንድ ማሽን አንድ ጊዜ የሚያገለግል ቁልፍ የሚሸጡም አሉ።

የመጀመሪያው ሪሴት ወዲያው ጎርፍ አያመጣም። ቆጣሪው ፓዱ ጢም ብሎ ከመፍሰሱ በፊት እንዲያቆም ተደርጎ የተሠራ ነው። ኢፕሰን ራሱ ለሰሜን አሜሪካ ደንበኞቹ ለአጭር ጊዜ የሚሆን፣ አንዴ ብቻ የሚሠራ የሪሴት ፕሮግራም ያቀርባል። የፈተና ሳምንት ላይ ከሆናችሁ አድርጉት፤ እኔም አድርጌዋለሁ።

ሁለተኛው ሪሴት ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከጎኔ የጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጡ እናት አሉ። ማሽናቸውን አንድ ልጅ እየመጣ ሦስት ጊዜ ሪሴት አድርጎላቸዋል፤ መክደኛዋን ከፍቶ አያውቅም። አንድ ጠዋት «ልጄ፣ ና እስቲ፣ ይኼ ከየት ነው የሚመጣው?» ብለው ጠሩኝ። ከማሽኑ ሥር የወጣ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም በጠረጴዛው ስንጥቅ ተንጠባጥቦ ከታች ሁለት ደስታ ወረቀት አበላሽቷል። ካርቶኑ ላዩን ደህና ይመስላል፤ ሲከፈት ወረቀቱ እስከ መሀሉ ጠጥቷል።

ሌላው ስጋት ፕሮግራሙ ራሱ ነው። ከሱቅ ሱቅ በፍላሽ የሚዞረው ኮፒ አንቲቫይረስ አጥፉ ይላል፣ ብዙ ጊዜም ቫይረስ ይዞ ነው የሚመጣው። የደንበኛ ሰነድና የባንክ መተግበሪያ ባለበት ኮምፒውተር አታስነሡት፤ ለዚህ የተለየ አሮጌ ላፕቶፕ ይኑራችሁ። ከፓድ ቆጣሪው ውጪ ያሉትን በተኖችም አትነካኩ። ማሽኑን የሚያበላሹ አሉባቸው።

ፓዱን አጥቦ መመለስ

ይህን ትንሽ ላስረዝመው፣ ምክንያቱም ለአብዛኛው ሰው የሚሆነው ይህ ይመስለኛል። ሰውም በብዛት የሚያበላሸው ይህንኑ ነው።

ማሽኑን በራሱ በተን አጥፉና ገመዱን ንቀሉ። ቀለም ማጠራቀሚያው እንዳይፈስ ማሽኑን ሳታጋድሉ ጀርባውን ወደ እናንተ አዙሩት። ከሥሩ ጋዜጣና አሮጌ ጨርቅ አንጥፉ፣ ጓንት አድርጉ። በባለ መስቀል ካቻቢቴ ብሎኗን ፍቱ፤ የፓዱ ሳጥን ተስቦ ይወጣል፣ ቱቦዋን ይዞ። ቱቦዋን ከመግቢያው ቀስ አድርጋችሁ ንቀሏት፤ ጫፏን ወዲያው በሶፍት ያዙ፣ አለዚያ ሁለት ሦስት ጠብታ ሱሪያችሁ ላይ ታርፋለች። ያ ቀለም ከጨርቅ በቀላሉ አይለቅም።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው አንድ ወጥ ፓድ አይደለም፤ ተደራርቦ የገባ ነው፣ ቅርጹም ይለያያል። አንድም ሳታነሡ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ሳላነሣ ቀርቼ ስመልሰው አንድ ቁራጭ ተርፎኝ ነበር፤ የቱቦው መግቢያ ፊት ለፊት የነበረው እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

ከዚያ ሳፋ። የመጀመሪያው ውሃ ድፍን ጥቁር ነው፤ ሁለተኛው ወደ ሐምራዊ ይሄዳል፣ አራተኛው ላይ ሮዝና ሰማያዊ ተለያይተው ይታያሉ። ለብ ያለ ውሃ ይፈጥናል። አትጠምዝዙት፣ በመዳፋችሁ ተጫኑት፤ ከተጠመዘዘ ይበጫጨቅና መሳቡን ያጣል። ፍጹም ነጭ እስኪሆን አትድከሙ፤ የሚወርደው ውሃ ከቀለለ ይበቃል። አንድ ጄሪካን ውሃ ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ያልመጣበት ሳምንት ላይ ይህን መጀመር ሞኝነት ነው። እጣቢውን ደግሞ የጋራ ደረጃው ላይ ወይም በረንዳው ላይ እንዳትደፉት። ሴራሚክ መጋጠሚያ ውስጥ የገባ ቀለም ከኮሚቴው ጋር ያጣላል።

ማድረቁ ነው ጊዜ የሚፈጀው። በበጋ ፀሐይ ሁለት ቀን ይበቃዋል። በሐምሌና ነሐሴ ግን ሳምንት ቢሰጣም ውስጡ እርጥብ ነው፤ እርጥብ ፓድ መመለስ ደግሞ ግማሽ የሞላ ፓድ መመለስ ነው። ክረምት ላይ ከሆናችሁ ይህን ክፍል ዝለሉና ወደሚቀጥለው እለፉ።

ስትመልሱት ቱቦዋ እስከ መጨረሻው መግባቷን አረጋግጡ፤ ቆጣሪውን ሪሴት አድርጉ፣ አንድ ጊዜ ሄድ ክሊኒንግ እዘዙ፣ ከዚያ ከጀርባ በባትሪ እዩ። ደረቅ ከሆነ ጨርሳችኋል።

የካኖን ጂ2010 ባለቤቶች፣ ይህ ለእናንተ አይሆንም። ፓዱ ከሥር ስለሆነ ማሽኑን መፍታት ይጠይቃል፤ ለሚያውቅ ሰው ስጡት።

አዲስ ፓድ

መገናኛና መርካቶ አካባቢ ከሳጥኑ ጋር የተዘጋጀ ፓድ ይገኛል፤ ሞዴላችሁን ነግራችሁ፣ ቢቻል አሮጌውን ፎቶ አሳይታችሁ ግዙ። ከእጥበት የሚለየው ቀን አለመፍጀቱ ነው፤ 15 ደቂቃ ይበቃል። ሪሴቱ ግን አይቀርም። ካጣችሁ ወፍራም ፈልት (እንደ ብርድ ልብስ የተጠቀጠቀ ጨርቅ) ቆርጦ መተካት ይቻላል። ሶፍት አይሆንም፣ ረጥቦ ይቦካና መግቢያውን ይደፍነዋል። የፍራሽ ስፖንጅም አልወደውም፤ ቀለሙን ወደ ዳር አይስበውም፣ አንድ ቦታ ላይ ያቁረዋል።

ቱቦውን ወደ ውጭ ማውጣት

ለኮፒ ቤት ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። የፓዱን ሳጥን ታወጡና የቆሻሻ ቀለም ቱቦዋን በሌላ ቱቦ ታስረዝማላችሁ፤ እኔ ከፋርማሲ የገዛሁትን የግሉኮስ ቱቦ ነው የቀጠልኩት። ጫፉን ክዳኑ የተበሳ የሁለት ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ትከታላችሁ። ሃይላንዱ ከማሽኑ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፣ ክዳኑ ላይ አየር የሚወጣበት ሁለተኛ ቀዳዳ ይኑር፣ ቱቦው የትም አይታጠፍ። ከታጠፈ ፓምፑ መግፋት ያቅተውና ቀለሙ ሄዱ ሥር ይከማቻል፤ ከዚያ የምታትሙት ሁሉ ይጨማለቃል።

ቆጣሪው አሁንም ይቆጥራል፣ አሁንም 100 ሲደርስ ያቆማል። ልዩነቱ ሪሴት ስታደርጉ የሚያሰጋችሁ ነገር አለመኖሩ ነው፦ መጠኑን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ጠርዝ የሌለው ፎቶ የምታበዙ ከሆነ ግን ከወረቀቱ ሥር ያለው ፓድ በዚህ ቱቦ አይወጣም፤ እሱን በየጊዜው በሶፍት መጠጥ ማድረግ አለባችሁ።

ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ተዉት። የሁለት ሊትር ቀለም ሃይላንድ ጠረጴዛ ሥር ማስቀመጥ ለሚድኽ ሕፃን ግብዣ ነው። ሱቅም ውስጥ ቢሆን «ቀለም፣ አይነካ» ብላችሁ በማርከር ጻፉበት።

ቦክስ ላላቸው፦ ኦርጅናል፣ የቻይና ወይስ ቺፕ ሪሴት?

ባለ ቦክስ ማሽን ላይ ሥራው የአንድ ደቂቃ ነው፤ አሮጌውን መንቀል፣ አዲሱን መሰካት። ቆጣሪው ቦክሱ ላይ ባለችው ቺፕ ውስጥ ስለሆነ ፕሮግራምም ኮምፒውተርም አይጠይቅም። ማሽኑ ሄድ እያጸዳ ሳለ ብቻ አትንቀሉት። አሮጌውን ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ ሳታስሩ አታጋድሉት።

ጥያቄው የትኛውን መግዛት ነው። ኦርጅናሉ ውድ ነው፣ ግን ያለ ጭቅጭቅ ይሠራል፤ ዋስትና ላይ ላለ ማሽን ሌላ አትሞክሩ። የቻይናው በዋጋ በጣም ይቀንሳል። ከገዛኋቸው ውስጥ አንዱን ማሽኑ ጭራሽ አላወቀውም፣ ሌላው ፓዱ ግማሽ ብቻ የተሞላ ነበር። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት በመግቢያው በኩል ተመልከቱ፣ እዚያው ሱቁ ማሽን ላይ የሚሰካ ካለም አሰኩት። ሦስተኛው መንገድ ቺፕ ሪሴተር ነው፦ በእጅ የምትያዝ ትንሽ ዕቃ ናት፤ ጥርሶቿን ቺፑ ላይ ጥቂት ሰከንድ ስትጫኑ መብራቷ ይለወጣል። ፓዱን ደግሞ እንደላይኛው ታጥባላችሁ። ብዙ ማሽን ላለው ያዋጣል፣ ለአንድ ማሽን ግን አያዋጣም። ኤል 6190 ላይ ጥቁሩ ቀለም ፒግመንት (በውሃ የማይሟሟ ደቃቅ ዱቄት ያለበት) መሆኑንም አትርሱ፦ ሲደርቅ እንደ ጭቃ ይጋገራል፣ መግቢያው ላይ ያለውን በእንጨት መፋቅ ያስፈልጋል። ለወራት ነቅላችሁ ያስቀመጣችሁትን ቦክስ መልሳችሁ አትሰኩ፤ ውስጡ ደርቆ አይመጥም።

ጥገና ቤት መውሰድ

ይህን ከሁሉ በኋላ ነው የማስበው። አንድ ጊዜ ማሽኔን ጭኔ ላይ አድርጌ በሚኒባስ ወደ መሀል ከተማ ወስጄ ነበር። መንገዱ ሲያንገጫግጨን የሞላው ፓድ ወጥቶ ሱሪዬንም የሚኒባሱንም ወንበር አቀለመው፤ ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ አስከፍሎኝ ነው የለቀቀኝ። ጥገና ቤቱ ደግሞ ሦስት ቀን አቆይቶ «ፓዱ ተቀይሯል» ብሎ አስከፈለኝ። ቤት ገብቼ መክደኛዋን ስከፍት ፓዱ የኔው አሮጌ ነው፤ የተደረገው ሪሴት ብቻ ነበር። መውሰድ ግድ ከሆነባችሁ ማሽኑን በትልቅ ፌስታል ጠቅልላችሁ፣ ካርቶኑ ውስጥ ሳታጋድሉ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጣችሁ ውሰዱ፤ ስትረከቡም አሮጌውን ፓድ በእጄ ስጡኝ በሉ።

| አማራጭ | ሥራ የሚቆምበት | ወጪ | የመፍሰስ ስጋት | ለማን |
|---|---|---|---|---|
| ሪሴት ብቻ | ደቂቃዎች | በጣም ትንሽ | 1ኛ ጊዜ ትንሽ፣ 2ኛ ጊዜ ከፍተኛ | ሥራ የተጣደፈበት፣ አንድ ጊዜ ብቻ |
| አጥቦ መመለስና ሪሴት | በበጋ 2 ቀን፣ ክረምት ከሳምንት በላይ | ትንሽ | ትንሽ | የቤት ተጠቃሚ |
| አዲስ ፓድና ሪሴት | 15 ደቂቃ | መካከለኛ | ትንሽ | ቢሮ፣ ክረምት ላይ ያለ ሁሉ |
| ቱቦ ወደ ውጭና ሪሴት | 1 ሰዓት ገደማ | ትንሽ | ሃይላንዱ ካልተገለበጠ የለም | ኮፒ ቤት |
| ኦርጅናል ቦክስ | 1 ደቂቃ | ከፍተኛ | የለም ማለት ይቻላል | ዋስትና ላይ ያለ ማሽን |
| የቻይና ቦክስ | 1 ደቂቃ | መካከለኛ | እንደ ጥራቱ | ዋስትናው ያለቀ |
| ጥገና ቤት | ቀናት | ከፍተኛ | መንገድ ላይ | ካኖን ጂ2010 እና መሰሎቹ |

እንግዲህ የእናንተ የትኛው ነው?

በሳምንት ጥቂት ገጽ የምታትሙ፣ የልጆች የቤት ሥራና አልፎ አልፎ ደብዳቤ ከሆነ፦ እጠቡት። ቀኑን ሙሉ ሰልፍ ካለባችሁ፣ የዲቪ ሰሞን ፎቶና የፋይዳ ሕትመት ከተደራረበ፦ ቱቦውን አውጡ። የትምህርት ቤት ወይም የማኅበር ቢሮ ከሆናችሁና ደረሰኝ የምታቀርቡ ከሆነ አዲስ ፓድ ወይም ኦርጅናል ቦክስ ይሻላል፤ «አጠብኩት» የሚል ደረሰኝ የለም። ገንዘብ ጨርሶ የሌለበት ወር ላይ ከሆናችሁ ዛሬ ሪሴት አድርጉ፣ ፀሐይ ያለበትን ቅዳሜ ደግሞ ከወዲሁ ለእጥበት ያዙት።

ፓዱን ቶሎ የሚሞላው በአብዛኛው ማሽኑ ሳይሆን የኛ አመል ነው። ማታ ሱቅ ስንዘጋ ዲቫይደሩን እናጠፋለን፤ ማሽኑ ሄዱን ቦታው መልሶ ሳይከድን መብራት ይቋረጥበታል፣ ሄዱ ሌሊቱን ይደርቃል፣ ጠዋት ሲነሣ ያጸዳል። መጀመሪያ በራሱ በተን አጥፉት። የኛ ሰፈር አቧራም ሄድ ስለሚደፍን ስትዘጉ ጨርቅ አልብሱት። ሦስት ጊዜ ሄድ ክሊኒንግ አድርጋችሁ መስመሩ ካልተስተካከለ ደግሞ አራተኛውን አትድገሙ፤ ኢፕሰን ራሱ ሳታትሙ 12 ሰዓት አቆዩት ነው የሚለው። እኔ በዚያ የእልህ ክሊኒንግ ስንት ቀለም ወደ ፓድ እንደሰደድኩ ባላሰላው ይሻላል።

ያገለገለ ማሽን ልትገዙ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ሻጩ ቆጣሪውን አንብቦ «4 በመቶ ብቻ ነው፣ አዲስ ነው» ይላችኋል። ቁጥሩን ተዉትና ካቻቢቴ ይዛችሁ ሂዱ፤ የጀርባዋን ብሎን ፍቱና ፓዱን በሶፍት ጫን አድርጉት። ሶፍቱ ጥቁር ሆኖ ከወጣ የእጥበቱን ድካም ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። ብሎኗን አላስፈታም ካለ ደግሞ ሌላ ሻጭ ጋ ሂዱ።